የትምህርት ቤት ባልንጀራን ስለ ማሰብ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሦስት ዓይነት ባልንጀራ ይገጥመዋል። አንደኛው በደም የሚመጣው ዘመድ ነው፤ እርሱንም ማንም ሳይመርጠው ከልደቱ ጀምሮ ያገኘዋል። ሁለተኛው ጠባዩን መርምሮ፥ ልቡም ወድዶት የያዘው ወዳጅ ነው። ሦስተኛው ግን ደም ያላዛመደው፥ ምርጫም ያላቀረበው፥ መምህር በጣቱ አመልክቶ «አንተ እዚያ ተቀመጥ» ስላለው ብቻ ከጐኑ የተገኘው የትምህርት ቤት ባልንጀራ ነው። ዘመድን መርሳት ነውር እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ የመረጡትን ወዳጅ መክዳትም ክፋት እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ዳሩ ግን ባንድ አግዳሚ ወንበር አራት ዓመት አብሮ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ቃል ኪዳን ያልነበረውን ሰው፥ ሠላሳና አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የማሰብ ግዴታ አለን ወይስ የለም ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የባሌ ደጋ የተመቸ ምሳሌ ይሰጣል። ጎባ ከባቱ ተራሮች ሥር በብርድ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ባሌ ጠቅላይ ግዛት በነበረችበት ዘመን ዋና ከተማዋ እርስዋ ነበረች። ከርስዋ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በስንዴና በገብስ ሜዳ መካከል ሮቤ ትገኛለች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ናት። ከጎባ በስተ ደቡብ የሳኔቲ አምባ ይነሣል፤ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በዚያ አምባ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለውም ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ባለው አገር ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው መሄድ ድካም ነውና፥ ሰዎች የሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ከነዚህ መገናኛዎች አንዱ ትምህርት ቤት ነበረ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጠቅላይ ግዛቲቱ ብርቅ በነበረበት ዘመን፥ ከጊኒርና ከጎሮ፥ ከአጋርፋና ከዲንሾ፥ ከአዳባና ከዶዶላ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ፥ በባቱ ተራራ ስም በሚጠራው በጎባ ትምህርት ቤት ለመማር ስንቁን ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ከየቤታቸው ያመጡትን በሶ፥ የገብስ ቆሎና ጭኮ ባንድነት ይበላሉ፤ አንዱን መጽሐፍ ባንድ ኩራዝ ብርሃን በተራ ያነባሉ፤ ብርዱ በጠናም ጊዜ ያንዱ ጋቢ የሁለት ሰው ልብስ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፥ ሁለተኛው መስጊድ ይሄዳል፤ አንዱ በኦሮምኛ፥ ሁለተኛው በአማርኛ ሕልሙን ያያል። ሥጋው ቢለያያቸው ቆሎው አንድ ያደርጋቸዋል፤ የሒሳቡም ጥያቄ ለሁሉ እኩል ይከብዳል።

እኩዮች ባንድነት ማደጋቸው ለባሌ ሕዝብ ዘመናዊ ትምህርት ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዐት፥ ከታወቁት ጥንታዊ ማዕከሎቹ አንዱ በባሌ መደ ወላቡ በሆነው፥ ባንድ ጊዜ የገቡ እኩዮች በየስምንት ዓመቱ ከደረጃ ወደ ደረጃ አብረው ይሻገራሉ፤ «ሂሪያ» የሚለውም ቃል እኩያንም ጓደኛንም ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያንም ወገን የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ካገር ወደ አገር ሲዞር፥ የለመነውን ቍራሽ ከጓደኛው ጋራ ተካፍሎ ያድራል። ከብዙ ዘመንም በኋላ አንዱ የደብር አለቃ፥ ሁለተኛው በገጠር ያለ አወዳሽ ቢሆን፥ «ከእገሌ ጕባኤ ቅኔ አብረን ተቀኝተናል» የሚለው ቃል ሁለቱን ባንድ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሙስሊሙም ደረሳ ከሼሁ ፊት አብሮት የተቀመጠውን ወንድሙን እንደዚሁ ያከብራል።

በነዚህ በሦስቱ ዘንድ መተሳሰብ ሥርዐት አለው። የገዳውን እኩያ ሸንጎው፥ የቅኔውን ጓደኛ የመምህሩ ስም፥ ደረሳውንም የሼሁ ትምህርት ያስተሳስረዋል። በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለም። አራት ዓመት አብረው የበሉ ልጆች አንድ ቀን ጧት ተሰብስበው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያነባሉ፤ ወረቀቱም ይለያቸዋል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ሁለተኛው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ፥ ሦስተኛው ወደ አባቱ እርሻ ይሄዳል። መሐላ አልማሉም፤ ማኅበር አልጠጡም፤ አንድም ሽማግሌ «ተጠባበቁ» ብሎ አልመረቃቸውም። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ መተሳሰባቸው የሥርዐት መሆኑ ቀርቶ የፈቃድ ነገር ይሆናል። ፈቃድ ደግሞ እንደ ጧት ጤዛ ፀሓይ ሲበረታበት የሚጠፋ ነው።

በዚያ ትውልድ ላይም ፀሓይ በርትቶበታል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ የቆየው ዐመፅ የብዙ ተማሪዎችን ቤተ ሰብ በልዩ ልዩ ወገን አሰለፈ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተበተኑ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ባሌ ከጦር ሜዳዎቹ አንዱ ሆነ፤ በዚያው ጊዜ በየከተማው ቀይ ሽብር ወጣቱን ይፈጅ ነበር። ባንድ ኩራዝ ካነበቡት ልጆች አንዱ ወታደር፥ አንዱ እስረኛ፥ አንዱ አሳሪ፥ አንዱ ስደተኛ ሆነ። የቀረውም ደመወዙንና ልጆቹን ሲያስብ ባልንጀራውን ለማሰብ ጊዜ አላገኘም።

ዛሬ ግን ፀጕራቸው ከሸበተ በኋላ ብዙዎቹ መፈላለግ ጀምረዋል። ዓለምን ባንድ መዳፍ የሚያስይዘው ስልክ የጠፋውን ሰው በአንድ ሌሊት ያገናኛል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ1976 ዓ.ም. በጀመሩት ዓመታዊ የእግር ኳስ በዓል ላይ፥ ከኳሱ ይልቅ የድሮ የክፍል ባልንጀራውን ሊያይ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። በጎባና በሮቤም፥ በአዲስ አበባም እንዲሁ፥ ለሰርግ ወይም ለለቅሶ የተገናኙ ሰዎች ወዲያው ወደ ድሮው ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ በዓይናቸውም ፊት የዕድሜ ልዩነት የሌለበት አንድ ረድፍ ወንበር ይዘረጋል።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም መስማት የሚገባው ነው። የፊተኞቹ እንዲህ ያለው መሰባሰብ ከንቱ ትዝታ ነው ይላሉ፤ ያለፈውን ልጅነት እያመሰገኑ የዛሬውን ሥራ መሸሽ ነውና። ሁለተኞቹ ደግሞ የጥቅም ነገር ነው ይላሉ፤ ድኻው ከባለጠጋው ብድር፥ ባለጠጋውም ከድኻው ውዳሴ ይፈልጋልና። ሦስተኞቹም ሰው ይለወጣል ይላሉ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያወቁት ልጅና በስድሳ ዓመቱ የሚገናኙት ሽማግሌ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ታዲያ ማንን ከማን ጋራ ያስታርቃሉ?

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ባልንጀርነት ሲመረምር ወዳጅነትን በጥቅም የሚጸና፥ በደስታ የሚጸናና በምግባር የሚጸና ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ሁለቱ የፊተኞቹ ምክንያታቸው ሲያልፍ አብረው እንደሚያልፉም አስረድቷል። ነገር ግን ይህ ሊቅ ከልጅነት ጓደኞች አንዱ በአእምሮ ካደገና ሁለተኛው ባለበት ከቀረ ምን ማድረግ ይገባል ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ እንደ ቀድሞው አብሮ መኖር ባይቻልም እንደ ማያውቁት ሰው መቍጠር ግን እንደማይገባ፥ ለቀድሞውም ቅርበት ሲባል አንዳች ነገር መስጠት እንደሚያስፈልግ ተናግሯል። ያ «አንዳች ነገር» ምን እንደ ሆነ ግን በዝርዝር አልነገረም። የዚህም ነገር ቍልፍ እርሱን ማግኘት ነው።

የትምህርት ቤት ባልንጀራ ከሌላው ወዳጅ የሚለየው ምስክር በመሆኑ ነው። ሰው ካደገ በኋላ የሚያገኛቸው ወዳጆች ከማዕርጉ ጋራ ይተዋወቃሉ፤ ዶክተር ወይም ኰሎኔል፥ ባለ ሱቅ ወይም ባለ ሥልጣን ብለው ያውቁታል። የክፍል ባልንጀራው ግን ይህ ሁሉ ሳይጫንበት፥ ጫማው ተቀዶ፥ ትምህርቱን ሳያጠና መጥቶ ሲንቀጠቀጥ፥ የጓደኛውን ቆሎ ሰርቆ ሲያፍር፥ ላልታመመ ሰው መድኃኒት ልገዛ ነው ብሎ ከክፍል ሲያመልጥ አይቶታል። በቅጽል ስሙ የሚጠራው እርሱ ነው። ማዕርግ የደረበውን ሰው ከማዕርጉ በታች ያለውን ሰው እንዲያስታውስ የሚያደርገው ከዚህ ምስክር በቀር ጥቂት ነው። እንዲሁም ኑሮ ያዋረደውን ሰው «አንተ እኮ ጂኦሜትሪ ያስጠናኸኝ ነህ» ብሎ ወደ ክብሩ የሚመልሰው ይኸው ምስክር ነው። እንግዲህ ሰው ተለውጧል የሚለው ነቀፋ ራሱ መልስ ይሆናል፤ ሰው ባይለወጥ ኖሮ የቀድሞውን የሚመሰክርለት አያስፈልገውም ነበርና።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለዚህ የሚሆን ታላቅ ምሳሌ አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት ከቀጰዶቅያ የመጡ ሁለት ወጣቶች፥ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ፥ በአቴና ትምህርት ቤት አብረው ተማሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ355 ዓመተ ምሕረት በዚያው ከተማ ይማር ከነበሩት አንዱ ዩልያኖስ ነበረ፤ እርሱም ኋላ ቄሣር ሆኖ ክርስትናን የካደው ነው። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ከትምህርት በኋላ ብዙ ዘመን በወዳጅነት ቢቈዩም ሳይጋጩ አልቀሩም። ባስልዮስ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ በ372 ባልንጀራውን ሳሲማ በምትባል ትንሽ መንደር ላይ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ ጎርጎርዮስም ይህን እንደ በደል ቈጠረው፤ በዚያችም መንደር ሊቀመጥ አልወደደም። ባስልዮስ በ379 ሲሞት ጎርጎርዮስ ታምሞ ነበርና በቀብሩ አልተገኘም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በመቃብሩ ከተማ ቆሞ ረዥም የመታሰቢያ ንግግር አደረገ። በንግግሩም የአቴናን ዘመን በፍቅር ተረከ፤ የሳሲማንም ቅሬታ አልሸሸገም። ዩልያኖስንም ቢሆን አልረሳውም፤ በብርቱ ቃል ወቀሰው፥ በአቴናም ሲማር እንዴት ያለ ወጣት እንደ ነበረ ባየው መጠን ጻፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፥ ማሰብ ማለት ማመስገን ብቻ አይደለም፤ ጎርጎርዮስ የሚወደውን ሲያስብ ቅሬታውን፥ የሚጠላውንም ሲያስብ ያየውን አልተወም። ሁለተኛው፥ በቀብር ያልተገኘ ሰው እንኳ የማሰብን ዕዳ ዘግይቶ ሊከፍል ይችላል።

አሁን ወደ ባሌ እንመለስ ቢባል፥ የመተሳሰቡ እውነተኛ ፈተና የት እንዳለ ለማየት የትምህርት ቤቱን መዝገብ መክፈት ይበቃል። መምህሩ በየጧቱ ስም ይጠራል፤ ያለው «አቤት» ይላል፤ የሌለው ቀሪ ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚሰባሰቡት፥ በአገራቸው መሬት ስለ ተቀመጠው ባልንጀራ ሲያወሩ «እርሱማ እዚያው ቀረ» ይላሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ተገልብጧል። መዝገቡ ቢከፈት ከስፍራው የታጡት፥ ቀሪ ተብለው ሊጻፉ የሚገባቸው፥ የሄዱት ናቸው፤ በሮቤ ሜዳ ስንዴውን የሚያጭደውና በጎባ ገበያ ሱቁን የሚከፍተው ስሙ ቢጠራ ዛሬም «አቤት» ሊል የሚችል ነው። መምህሩ ሲታመም የጠየቀ፥ ሲሞትም የቀበረ፥ የሞተውን ባልንጀራ እናት ያጽናና እርሱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የመጣው ወደርሱ ሲቀርብ እንደ ሰጭ ሳይሆን እንደ ባለ ዕዳ ሊቀርብ ይገባዋል።

በመዝገቡ ውስጥ ከዚህም የሚበልጥ ዝምታ አለ። ስንቁ አልቆበት በአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የተመለሰው ልጅ ስሙ ማን ነበረ? ዕረፍት ወጥታ ሳለች ተድራ ያልተመለሰችው ልጃገረድ፥ ወንበርዋ ባዶ በሆነ ጊዜ ማን ጠየቀ? የባልንጀሮች ስብሰባ የሚጠራው ብዙ ጊዜ የተሳካለትን ነው፤ መዋጮ የሚሰጠውን፥ ንግግር የሚያውቀውን፥ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከፊት የሚቆመውን። እንዲህ ያለው ስብሰባ ማኅበር እንጂ ማሰብ አይደለም። መምህሩ ስም ሲጠራ በውጤት መርጦ አልጠራም ነበርና፤ የመጨረሻው ልጅ ስም በአንደኛው ልጅ ስም አጠገብ ተጽፎ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የበዳዩና የተበዳዩ ነገር ነው። በክፉ ዘመን ባልንጀራውን የጠቈመ፥ ወይም ሲታሰር አይቶ ፊቱን ያዞረ ሰው በአንድ ክፍል መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «ያለፈው አልፏል፥ እንጨፍር» የሚል ስብሰባ ለወጊው ዕረፍት፥ ለተወጋው ግን ሁለተኛ ቍስል ነው። «ስሙ ይሰረዝ» የሚልም ስብሰባ እውነትን ይጐዳል፤ የተሰረዘ ስም ስለ ሥራው አይጠየቅምና። የሚሻለው ስሙ በመዝገቡ እንዳለ መተው፥ ሥራውንም በስሙ መጥራት፥ ዕርቁን ግን ዋጋውን ለከፈለው ሰው መተው ነው። ይቅርታ የተበዳዩ ገንዘብ ነው፤ ባልንጀሮቹ ተዋጥተው ሊሰጡለት አይችሉም። ባልንጀሮች ሊሰጡ የሚችሉት እውነት የሚነገርበትን ስፍራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያ ፈላስፋው ሳይዘረዝር የተወው «አንዳች ነገር» ከዚህ ሊገኝ ይችላል። ለትምህርት ቤት ባልንጀራ የሚገባው ዕዳ እንደ ዘመድ መጦር ወይም እንደ ወዳጅ ምስጢር መካፈል አይደለም። ስሙን አለማጥፋት፥ ያዩትንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መመስከር ነው። ይህም በሥራ ሲተረጐም ከባድ አይደለም። የክፍሉን ልጆች ስም የሚያስታውሱ ሰዎች ሳይሞቱ በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ፤ በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ ያሉትን ፊቶች በተራ መሰየም፤ ያቋረጠውንም ያገባችውንም መፈለግ፤ የስብሰባውን በር በገንዘብ አለመዝጋት፤ ወደ አገር የገባ ሰው ከሆቴል በፊት የሞተውን ባልንጀራ ቤት መሳለም። ዛሬ በሮቤ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር መጥተው ባንድ መኝታ ቤት የሚያድሩ ወጣቶችም ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ ስልካቸው የሁሉንም ቍጥር ይይዝላቸዋል፥ የባልንጀራን ዕዳ ግን ሊይዝላቸው አይችልም።

በድሮው ክፍል ውስጥ አንድ ትንሽ ልማድ ነበረ። መምህሩ ስም ሲጠራ መልስ ቢያጣ ወዲያው ቀሪ ብሎ አይጽፍም፤ እርሳሱን እንደ ያዘ ጥቂት ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ከጐኑ የሚቀመጠው ልጅ ይነሣና «ታሟል» ወይም «አባቱ ሞቶበት ለቅሶ ሄዷል» ብሎ ስለ ባልንጀራው ይመልስለታል። መምህሩም ቃሉን ይቀበለዋል፤ የልጁም ስም ያለ ምክንያት እንደ ጠፋ ሰው አይቈጠርም። ለዚህ መልስ ዘመድ መሆን አላስፈለገም፤ ባለጠጋ መሆንም አላስፈለገም፤ አጠገቡ ተቀምጦ መኖር ብቻ በቅቷል። ዛሬም በጎባ ደጋ ከነበረው ወንበር አንዱ ስም ተጠርቶ ጸጥታ ሲሆን፥ ከዓለም ማዶም ቢሆን ተነሥቶ ስለ እርሱ የሚመልስ ከተገኘ፥ ያ ክፍል ገና አልተበተነም።